የሳህን ማጠቢያ ገንዘብ ያቋቋመው ተቋም

የአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ መኪና ውድድር ይሄዳል። እኔን የወሰደኝ ግን ለሐኪሞች የተዘጋጀ የጤና ኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የሕክምና መረጃን በኮምፒውተር የመያዝና የመጠቀም፣ የምርምር ሥልጠና ነው። ከተማዋ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ናት፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ በቆሎ ብቻ ነው።

ሥልጠናው የተሰጠበት የጤና ምርምር ተቋም፣ ሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩት፣ ያለው ምዕራብ 10ኛ ጎዳና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ገንዘቡን ያወጡት ሳም ሬገንስትሪፍ ሐኪም አልነበሩም። በሳህን ማጠቢያ ማሽን የከበሩ ባለ ፋብሪካ ነበሩ። ይሄ ነገር ደስ ብሎኛል።

በሥልጠናው ኮድ መጻፍ አለ፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። የጀመርነው የተቋሙ ተመራማሪ በነበሩት በዶክተር ክሌም ማክዶናልድ የእ.ኤ.አ. 1976 ጥናት ነው። ኮምፒውተሩ “ይህ ታካሚ ይህን ምርመራ ይፈልጋል” የሚል ዓይነት ማስታወሻ ለሐኪሙ ያቀርባል። ማስታወሻው ሲደርሳቸው ሐኪሞቹ እርምጃ ከሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ለ51 በመቶው ምላሽ ሰጡ። ሳይደርሳቸው ለ22 በመቶው ብቻ። ብልሃቱ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። ጎበዝና ሰነፍ ሐኪም አልተወዳደሩም፤ እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ አንዴ ከማስታወሻው ጋር፣ አንዴ ያለ እሱ። እንግዲህ ችግሩ አለማወቅ አይደለም። የሰው ጭንቅላት ያን ሁሉ መረጃ ባንዴ መያዝ አይችልም። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ሐኪሞች ስለሆንን ትንሽ ጎርበጥ አድርጎናል።

ከሰዓት በኋላ ዳታ ማጽዳት ነበር። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። አንዱ ላብራቶሪ “ግሉኮስ” ያለውን ሌላው “የደም ስኳር” ይለዋል፤ ሦስተኛው የራሱን ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ሎይንክ የተባለው የምርመራዎች የጋራ መለያ እ.ኤ.አ. በ1994 እዚሁ ተቋም የተጀመረው ለዚህ ነው። ሥራውን ለፕሮግራመር ብቻ ጥሎ መሄድም አይቻልም። በጾም የተለካ ስኳር ከምግብ በኋላ ከተለካው ጋር ለምን እንደማይደባለቅ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

ማምሻውን ከአንዲት የሕፃናት ሐኪም ጋር መሀል ከተማው ቦይ ዳር ወጣን።

“ማስታወሻው ያኔ ጥሩ ነበር፤ ዛሬ ግን በዝቶ ሳናነበው እንዘጋዋለን” አለችኝ። ሲስተሙ ማን መቼ እንደዘጋው ስለሚመዘግብ ልታጠናው አስባለች።

“‘ሳይነበብ’ን በምን ትለኪዋለሽ?”

“በሰከንድ። ወዲያው ከተዘጋ አልተነበበም።”

“ቶሎ የሚያነበውስ? ደግሞ ከፍቶት ስልክ ሲያወራ የቆየውስ?”

እስከ ሆቴሉ ድረስ በዚሁ ስንከራከር ሄድን።