ቁም ሳጥን ላይ ያለው ሰርቨር

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከደመወዙ ቀን ይልቅ ውሃ የሚመጣበትን ሰዓት ነው የሚጠብቀው። የእኛ ብሎክ ፈረቃ ደግሞ ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ነቅቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «መጣ!» ብሎ ካልጻፈ፣ ሌላው ተኝቶ ያድርና ጠዋት ባዶ ጄሪካን ታቅፎ ይቀመጣል።

በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲሉ ግሩፑ ግማሽ ሞት ሞተ። ወጣቶቹ ቪፒኤን ጭነን ቀጠልን። ትልልቆቹ በር ወደ ማንኳኳት ተመለሱ። ሲከፈትም ሌላ ጣጣ መጣ። አድሚን የነበረው ልጅ ውጭ ሄዶ ስልኩን ቀየረ፤ አካውንቱም ጠፋ። ግሩፑ ባለቤት አልባ ቤት ሆነ። በሳምንቱ የቁማርና የ«ቤትዎ ሆነው ብር ይሥሩ» ማስታወቂያ ወረረው።

እኔ የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። እንደ ትዊተር ያለውን፣ ግን ማንም በራሱ ሰርቨር (አገልግሎቱን በሚያስኬድ ኮምፒውተር) ሊከፍተው የሚችለውን ማስቶዶንን የሰማሁት በፈረንጆቹ 2022 ትዊተር ተሸጦ ሰው ወደዚያ ሲጎርፍ ነው። ነገሩን ለብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳስረዳ የተጠቀምኩት እድርን ነው። የእያንዳንዱ ሰፈር እድር የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ መዝገብ አለው። ግን ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይዋዋሳሉ። እዚህም እያንዳንዱ ሰርቨር ለብቻው ይተዳደራል፤ የሚዋዋሱበት ቋንቋ አክቲቪቲፐብ ይባላል፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸደቀ የጋራ ደረጃ ነው። ጋሼ አዳመጡኝና «እና ዳኛው አንተ ልትሆን ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ሰርቨሩን ቤቴ ያደረግኩት አውቄ ነው። የውጭው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ብሎኩ ውስጥ በዋይፋይ እንድንገናኝ ፈልጌ ነበር። አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፣ ራሙ 4 ጊጋ። ማስቶዶንን ጫንኩበት። ማስቶዶን ብቻውን አይመጣም፤ ዳታቤዙን፣ ጊዜያዊ መረጃ የሚይዘውን ሬዲስ፣ ከጀርባ ወረፋ የሚያስተናግደውን ፕሮግራም ሁሉ አስከትሎ ነው የሚገባው። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። ሦስት ሳምንት ታገልኩና ዲስኩን አጥፍቼ ጎቱሶሻል የሚባለውን ቀለል ያለ ሶፍትዌር ጫንኩ። ከሦስት መቶ ሜጋ ብዙም ያልዘለለ ራም ይበቃዋል። የራሱ ማንበቢያ ገጽ ስለሌለው ስልክ ላይ እንደ ተስኪ ያለ አፕ ይጫናል።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ዶሜይኑን (የሰርቨሩን የኢንተርኔት ስም) ሳልቀይር፣ አካውንቶቹን በዚያው በድሮ ስማቸው መልሼ ፈጠርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ውጭ ያለ ሰርቨር ሁሉ ጀርባውን ሰጠኝ። ምክንያቱ ይህ ነው። አካውንት ሲፈጠር ጥንድ ቁልፍ ይሠራለታል። አንዱ ሰርቨሩ ላይ በምስጢር ይቀመጣል፣ ሌላው ለሁሉም ይታያል። የሚወጣው መልእክት በምስጢሩ ቁልፍ ይፈረማል፤ ተቀባዩ በሚታየው ያረጋግጣል። እኔ ዲስኩን ሳጠፋ የምስጢሩንም ቁልፍ አብሬ አጥፍቻለሁ። ሌሎቹ ግን የድሮውን መዝግበው ይዘዋል። በዚያው ስም አዲስ ፊርማ ይዤ ስመጣ አስመሳይ መሰልኳቸው። ሁለት ሳምንት ለፍቼ ተውኩት፤ በዶሜይኑ ሥር ሌላ ንዑስ ስም አውጥቼ ከዜሮ ጀመርኩ። የዶሜይኑን ክፍያ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት በካርዷ የምትከፍልልኝ። «ደግሞ ሌላ ስም ግዢ» ብላት ኖሮ ስልኬን አታነሳም ነበር።

ሌላው ችግር የቤት ኢንተርኔታችን ነው። ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ እኛ ወደ ውጭ እንወጣለን እንጂ ከውጭ ማንም አያገኘንም። ስለዚህ ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁ። ላፕቶፑ በዋየርጋርድ (የቪፒኤን ዓይነት ነው) ወደዚያ መስመር ይዘረጋል፤ እንግዳው በዚያ በኩል ይገባል። ራውተሬ ላይ ደግሞ የሰርቨሩን ስም ከላፕቶፑ የቤት ውስጥ አድራሻ ጋር አሰርኩት። ብሎኩ ውስጥ ያለ ስልክ ውጭ ዞሮ መምጣት አያስፈልገውም።

ጎረቤት ማስገባቱ ከዚህ ሁሉ ከበደ። በመጀመሪያ፣ የአካውንት ስም በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ስማቸው ላይ ጸ ያለባቸው እትዬ እንዴት እንደሚጻፍ ሦስት አማራጭ ባቀርብላቸው ሦስቱንም አልወደዱም። ከላይ የሚታየው ስም በአማርኛ መሆን እንደሚችል ሳሳያቸው ነው የታረቁኝ። ቀጥሎ ባዶነቱ መጣ። አዲስ ሰርቨር ማንንም አያውቅም። ከእኛ አንዱ ፎሎው ያደረገውን ሰው ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያየው። «ሰው የት አለ?» አሉኝ። እኛው ነን አልኳቸው። ከቲክቶክ ለመጣ ሰው ይህ መልስ አይሆንም።

ከሁሉ የከበደኝ የግል መልእክት ነው። እዚህ «የግል» የሚባለው አይመሰጠርም፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ዳታቤዙን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። በአንድ እሁድ ቡና ላይ ተናገርኩ። እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ታዲያ ያንተ አገልግሎት ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ። ለምስጢር ሌላ አፕ ተጠቀሙ፣ ይህ የደረጃው ላይ ወሬ ነው አልኳቸው። ሁለት ሰዎች በማግስቱ ወጡ። እውነታቸውን ነው።

ማጥፋትም እንደዚያው ነው። አንዱ ጎረቤት ወድቆ ያገኘውን መታወቂያ ከነቁጥሩ ፎቶ አንስቶ ለሁሉም ለጠፈ። ባለቤቱ ሲገኝ አጠፋው። ነገር ግን ማጥፋት ማለት ቅጂው ላላቸው ሰርቨሮች «እባካችሁ አጥፉ» ብሎ መላክ ነው። ስፈትሽ አንዱ ጋ ፎቶው አሁንም አለ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ስልኩን ተቀብዬ ፖስት ሲጻፍ በራሱ የሚመረጠውን «ለተከታዮች ብቻ» አደረግኩት። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን።

አንድ ቀን ደግሞ መብራት ከጠዋት እስከ ማታ ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ይዞ ተኛ። መብራት ሲመጣ አበራሁትና ተኛሁ። ጠዋት ደረጃ ላይ ሦስት ሰው ጠበቀኝ። «ሌሊት መጣ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ጽሑፌን ዋጠው።» ሎጉን (ማሽኑ የሚጽፈውን የሥራ መዝገብ) ከፈትኩ፤ ስህተት በስህተት ነው። የውጭ ሰርቨሮች ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫቸው) «ጊዜው ገና ነው» ይላል። እንዴት ገና ይሆናል? ትናንት ይሠራ አልነበር? ግማሽ ሰዓት ያህል መስመሩን፣ ራውተሩን፣ ሁሉን ስነካካ ቆየሁ። ከዚያ ዓይኔ የሎጉ መስመር መጀመሪያ ላይ አረፈ፦ 2010 እ.ኤ.አ.፣ ጃንዋሪ 1። ላፕቶፑ ውስጥ ሰዓት የምትይዘው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ሰዓት ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን አገልግሎትም አንድ ቀን ስፈታታ አጥፍቼው ረስቻለሁ። «መጣ!» የሚለው ጽሑፍ አልጠፋም። የ2010 ተብሎ ከአሮጌው ሁሉ ሥር ተቀብሮ ነው። ባትሪዋን ከሰፈሩ ሰዓት ሠሪ ገዛሁ። ላፕቶፕ ተሸክሜ ስመጣ ሲያየኝ ግራ ገባው።

ጥሩ ቀንም ነበር። መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆርጦ ሁለት ቀን ኢንተርኔት አጣን። ብሎኩ ውስጥ ግን ሰርቨሩ ይሠራል። የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቼ ፓስወርዱን ደረጃው ላይ ለጥፌያለሁ፤ ከሰርቨሩ ሌላ የትም አያደርስም። (መጀመሪያ የቤቱን ሰጥቼ ነበር። የሦስተኛ ፎቅ ልጆች ፓኬጄን በቲክቶክ ጨረሱት።) በሁለቱ ቀን የተጻፈው ከዚያ በፊት በወር ከተጻፈው በለጠ። ጋሼ እንኳ ቀልድ ጻፉ።

የዳኝነቱ ነገር ግን እንደተባለው ሆነ። በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው አንዱ ሌላውን ከነዘሩ ሰደበ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ የጥላቻ ንግግር ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ያዛል። እኔም ራሴን ከዚያ ቆጥሬ ወዲያው አነሳሁት። ሰውየው «ብሎክ አደረገኝ» እያለ ብሎኩን ዞረ። ከኔ ጋር ሰላምታ የተመለሰው በፋሲካ ነው። ያኔ ለኮሚቴው ነገርኩ፦ ጽሑፍ ማንሳት የኔ ብቻ ሥራ አይሆንም። ሦስት ሰው ተመረጠ፣ ግማሽ ገጽ ደንብ ተጻፈ።

የማሽኑንም ጉዳይ እንዲሁ። የቴሌግራሙን አድሚን ስወቅስ ኖሬ ራሴ ያው እየሆንኩ ነበር። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ያለች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሁለተኛ አድሚን ናት። የዳታቤዙ ቅጂ በየሳምንቱ እሷ ጋ በፍላሽ ይቀመጣል፤ ቁልፎቹም አብረው አሉ። ባለፈው ለሥራ አዳማ ሦስት ቀን ስቆይ መብራት ጠፍቶ መጣ። ባለቤቴ በር ከፍታላት ወንበር ላይ ቆማ ላፕቶፑን ከቁም ሳጥኑ አውርዳ አስነሳችው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ነው ያየሁት» ብላ ጻፈችልኝ። ውሃው ግን ያን ሌሊት አልመጣም።