ባለ ፮ ድፎ

ሙያዬ ሒሳብ ነው። በሥራ ቦታዬ ሃያ ሳንቲም ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ከወንበሬ አልነሣም። የልጄ ስድስተኛ ዓመት ልደት ሲቃረብ ግን ደብተር ሳልገልጥ፣ እስክሪብቶ ሳላነሣ 1,500 ብር ቀብድ ከፍዬ ተገኘሁ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ የዲኮር ቤት በር ላይ ስናልፍ ሚጡ (ቤት ውስጥ የምንጠራት እንዲህ ነው) የሮዝ ፊኛውን ቅስት አየችና እጄን ጨበጥ አደረገች። አልለመነችም። ብትለምነኝ እምቢ ለማለት ብዙ ልምድ አለኝ፤ ዝም ብላ ጨበጥ ስታደርገኝ ግን መላው ጠፋኝ። የፎቶ መደቡ፣ ጨርቅ የለበሱት ወንበሮች፣ የስሟ ፊደላት፣ ሁሉም ተደምሮ 14,000 ብር አሉኝ። ማታ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብለን ስንደምር ለዚህ ልደት ማውጣት የምንችለው 5,000 ብር ሆነ። በማግስቱ ቀብዴን ለመጠየቅ ስሄድ «ቀብድ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከባንኮኒው ጀርባ ተለጥፎ አገኘሁ። ትናንትም እዚያው ነበር፤ እኔ ፊኛ ሳይ ነው ያላየሁት። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት 3,500 ብር ቀረኝ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ በቀብዱ አልተደነቀችም፤ በልደቱ እንጂ። «ልደት የጌታ ነው። የሰው ልጅ ክርስትና ይነሣል፣ አለቀ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሚጡ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ በግ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሰፈሩ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ነው የሄደው። የዚያን ቀን ወጪ የሸፈነልኝን የዕቁብ ዕጣ ከፍዬ ስጨርስ ልጅቱ መራመድ ጀምራ ነበር። እኔ ራሴ ስድስት ዓመት የሞላኝን ቀን አላስታውስም፤ ማንም ያስታወሰው አይመስለኝም። ግን የመዋዕለ ሕፃናት ጓደኞቿ ሁሉ ሻማ እፍ ብለው እርሷ ብቻ ብትቀር ምን ብዬ ላስረዳት?

ደብተሬን ገለጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት የዕቃ ዋጋ ሳይሆን የሰው ቁጥር ነው፤ ምስጢሩም እዚያው ወጣ። ሕፃናቱ ሃያ ናቸው። ሕፃን ደግሞ ፈንዲሻና አንድ ኩባያ የሚጠጣ ነገር ካገኘ ተነሥቶ ይሮጣል። ኪስ የሚያራቁተው ልጁን «ላድርስ ብዬ» የሚመጣው አዋቂ ነው። አድርሶ አይሄድም፤ ይቀመጣል፣ ምሳ ይጠብቃል፣ ቢራ ይታሰብለታል፣ ካልተሰጠውም ዓመት ሙሉ ያማል። በመጥሪያው ወረቀት ላይ «እሑድ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። በዘጠኝ ሰዓት ማንም ምሳ አልበላሁም አይልም፣ በዐሥራ አንድ ሰዓትም እራት አይጠየቅም። በዚህ ዝግጅት ውስጥ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራው በዚህች አንዲት መስመር ነው።

ሁለተኛው ረዳቴ ጾሙ ሆነ። የሚጡ ልደት ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች አይጾሙም፣ እናቶቻቸው ግን ይጾማሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጾም ላይ ዋለ ብዬ አማርር ነበር። አሁን ግን ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት በአንድ ብዕር ተሰረዙልኝ፣ ማንም ቆጠበች አይለኝም!

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የምንኖረው አዲስ ዓለም ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይስፈር ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ የጎንደር ሰፈር ነው። ዛሬ የእኔ ልጅና የጎረቤቴ የልጅ ልጆች በአንድ ብይ ይጣላሉ፣ በአንድ ብይ ይታረቃሉ። ሥጋ ያለበት ድግስ ላይ ግን ሁልጊዜ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ ያስፈልጋል። ሥጋው ሲቀር ሁሉም በአንድ ትሪ ይበላል። የምስር ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ሙዝ ብዬ ወሰንኩ። ለስላሳውን ስደምር ደግሞ አንድ ሳጥን፣ ማለትም 24 ጠርሙስ፣ ከሺህ ብር በላይ ሊወስድብኝ ነው። ጎረቤቴ ይህን ሰምተው «ምን ሲባል! ስኳሩን አንቺ አምጪ፣ ቀሪቦውን እኔ አዘጋጃለሁ» አሉ። ቅዳሜ ገብሱን ጠቆር እስኪል ቆሉት፣ አፈሉት፣ አጥልለው ስኳርና ጥቂት እርሾ ጨምረው አሳደሩት። እሑድ ጠዋት ቀምሼ አንድ ኩባያ ጨረስኩ፤ ለወጉ ደግሜ ቀመስኩ።

ድፎውን እናቴ ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። አምስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከሌሊቱ ጀምሮ ቦክቶ ገንዳውን ሊያልፍ ደርሶ ነበር። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ጨመረችበት። ከዚያ የኮባውን ቅጠል በእሳቱ ወላፈን ላይ ወዲያና ወዲህ እያሳለፈች ለበለበችው፤ ቅጠሉ መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ቀጥሎ አረንጓዴው ይደምቃል፣ በመጨረሻ እንደ ነጠላ ይተጣጠፋል። እዚያ ደረጃ ሳይደርስ ከታጠፈ ይቀደድና ሊጡ ምጣዱ ላይ ይፈሳል። ምጣዱ ላይ አመሳቅላ አነጠፈችው፣ ሊጡን ገለበጠች፣ ከመሸፈኗ በፊት ግን ለብቻ ካስቀረችው ሊጥ ጣት የምታህል ጥቅል ሠርታ መሀሉ ላይ በጥንቃቄ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ቅጠሉ፣ ከዚያ ክዳኑ፣ ከክዳኑ በላይ ፍም። «እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት» የሚባለው ተረት ሰሞኑን ስለ እኔ የተባለ ይመስለኝ ነበርና እያየሁ ሳቄ መጣ። በአንድ ወገን ፍሙ በዝቶ ጠርዙ አረረ። እናቴ ቆርጣ አነሣችውና ቡናዋን ይዛ በላችው፤ ማስረጃ ጠፋ።

ድፎው ሲገለጥ ሚጡ ተጠግታ አየች። በቡናማው ገላ ላይ አበጥ ብሎ፣ ወርቃማ ሆኖ የወጣው ፮ ነበር።

«ይሄ ስድስት አይደለም!» አለች፤ ከንፈሯ ሊንቀጠቀጥ ጀመረ።

እናቴ የቄስ ልጅ ናት። «አንቺ ነሽ የማታውቂው እንጂ ስድስት ይኸው ነው። ያኛው የፈረንጅ ነው» አለቻት። ጨነቀኝ፤ የካርቶን 6 ቆርጬ ልለጥፍበት ሁሉ አስቤ ነበር። እናቴ ግን ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በተረፈው ዱቄት ትሪው ላይ ከ፩ ጀምራ ጻፈችላት። እንግዶቹ ሲመጡ ሚጡ በር ላይ ቆማ ለእያንዳንዱ ልጅ «እኔ የሆንኩትን ስድስት አታውቀውም» እያለች ነበር የምታስገባው። ስድስቱን ሻማ እዚያው ፮ ዙሪያ ተከልን። ኬክ የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ትኩሱ ድፎ ሲደርሰው እርሱም ዝም አለ።

አንድ ጥቅል ፊኛ 150 ብር ገዝተን አባቷ እየነፋ በግቢው አጥር ላይ አሰረው፤ ግማሹ ሻማው ሳይበራ ፈነዳ። ለጨዋታው ምንም አላወጣንም፤ እናቴ ልጆቹን ዙሪያዋን አስቀምጣ እንቆቅልሽ ጀመረች። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር?» ስትል አንዱ «ባጃጅ!» ብሎ ጮኸ። ወንዝ ነው ብትለው አልተቀበለም፤ አባቱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ እንዴት እንደሚያድር ከእርሷ የተሻለ ያውቃል። «እንግዲያውስ አገር ስጠኝ» አለችው። አሰበ፣ አሰበ፣ «ጎንደርን አልሰጥም፤ አዘዞን ውሰጂ» አለ። ከነአውሮፕላን ማረፊያው!

አዋቂዎቹ እንደ ፈራሁት ተቀመጡ። ግን ቡና ተፈልቶ፣ ሳምቡሳው ዞሮ፣ ቀሪቦው ተደግሞ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል እየመረቁ ተነሡ። ለልጆቹ መሸኛ አንዳንድ እርሳስ ሰጠን፤ ሃያው እርሳስ 300 ብር ነው።

ማታ ደብተሬን ዘጋሁ። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ምስሩ፣ ከሰሉ፣ የቀረውም ሁሉ ተደምሮ 3,000 ብር፤ በእጅ የቀረ 500። የሚያስቸግረኝ ያ 1,500 ነበር። ምግብ አይደለም፣ ዕቃ አይደለም፣ ተመላሽም አይደለም። ብዙ አስቤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ መዘገብኩት። አባቷ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አነበበና «ለምን ትዋሻለሽ? ፊኛ ብለሽ ጻፊው» አለኝ።