አንድ ፔን፣ አራት ሰው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግል የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ አለ። ዓመታዊ ፈቃዱን ሊያሳድስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ ገቡ፤ አንዱ ፋርማሲስት፣ አንዷ ነርስ። ባለቤቱም ተረኛዋ ሲስተርም አልደነገጡም። ወለሉ ተወልውሏል፣ የባለሙያዎቹ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ከሦስት አራተኛ አላለፈም፣ ቢጫውና ጥቁሩ የቆሻሻ ባልዲ በየቦታው ተቀምጧል። አብዛኛው ክሊኒክ ለቁጥጥር የሚዘጋጀው እንዲህ፣ ዓይን በሚያየው በኩል ነው።

ፋርማሲስቱ ግን በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ከፍቶ አንዲት የሴማግሉታይድ ፔን አወጣ፤ ሴማግሉታይድ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ የክብደትና የስኳር መድኃኒት ነው፣ ፔኗም እስክሪብቶ የመሰለች መወጊያ ናት። በ3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 4 ሚሊግራም የያዘች፣ በአንድ መርፌ 1 ሚሊግራም እንድትሰጥ የተሠራች ናት።

«ሲስተር፣ ይቺ የማን ናት?»

«የክሊኒኩ ናት።»

«የየትኛው ታካሚ ማለቴ ነው።»

ሲስተር የምትደብቀው ነገር አልነበራትምና መዝገቡን ዘርግታ አሳየችው። አራት ሰዎች ተመዝግበዋል። ሁሉም ጀማሪ ናቸው፣ ሁሉም በሳምንት አንድ ጊዜ 0.25 ሚሊግራም ይወጋሉ፤ ሁለቱ ሰኞ፣ ሁለቱ ሐሙስ።

የክሊኒኩ ስሌት እንዲህ ነበር። ሴማግሉታይድ በአንዴ በሙሉ መጠን አይጀመርም። የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት 0.25፣ ቀጥሎ 0.5፣ ከዚያ 1 ሚሊግራም እየተባለ ይወጣል፤ ጨጓራ ምግብን ቶሎ እንዳይለቅ ስለሚያደርግ፣ የተቻኮለበት ሰው በማቅለሽለሽና በማስመለስ ይሰቃያል። አራት ሰው በ0.25 ለአራት ሳምንት ሲወጋ በድምሩ 4 ሚሊግራም ይሆናል፤ ልክ የአንድ ፔን ይዘት። የፔኗ መደወያ ከ1 ሚሊግራም በታች ምልክት ስለሌለው ሲስተር የመደወያውን ጠቅታ እየቆጠረች ሩቡን ትሰጥ ነበር። ዋጋው ለአራት ተከፈለ። አንድ ሙሉ ፔን መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ባለቤቱም ያሰበው ይህንኑ ነበር።

ፋርማሲስቱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። መዝገቡ ላይ 14 መርፌ ተሰጥቷል። መቶ የፔን መርፌ ከያዘው ካርቶን 86 ቀርቷል። 14 ጊዜ 0.25 ሲባዛ 3.5 ሚሊግራም ነው፤ ፔኗ ውስጥ የቀረውም ለሐሙስ ሁለት ሰዎች የሚበቃ ያህል ነው። ምንም አልጎደለም፣ ምንም አልተረፈም። ነገሩን ያጋለጠውም ሒሳቡ እንዲህ ልክ መምጣቱ ነው፤ አራት ሰው ከአንድ ፔን እንደተወጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

«መርፌውን እኮ ለእያንዳንዱ ሰው እንቀይራለን» አለች ሲስተር።

እውነቷን ነበር። ብዙ የሠለጠነ ባለሙያም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። መርፌው ቢቀየርም መድኃኒቱ ያለበት የመስታወት ቱቦ አይቀየርም። መርፌው ሥጋ ውስጥ እያለ አውራ ጣት ከመግፊያው ላይ ቀደም ብሎ ሲነሳ፣ ወይም ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ሲኖር፣ ከሰውየው ሥጋ ጥቂት ፈሳሽና የደም ሕዋስ ወደ ኋላ ተስቦ ቱቦው ውስጥ ሊገባ ይችላል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የፈሳሹን መልክ አይቀይርም፤ ብርሃን ላይ ይዘው ቢያዩትም ንጹህ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፌኖል ባክቴሪያ እንዳይራባ እንጂ ቫይረስ እንዲገድል የተጨመረ አይደለም። የፍሪጅ ቅዝቃዜም ቫይረስን አያጠፋም። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ደርቆ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል። በ2009 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ አንድ ወታደራዊ ሆስፒታል የኢንሱሊን ፔን በዚሁ መንገድ ለብዙ ሰው በመጠቀሙ ከ2,000 በላይ ታካሚዎችን ለምርመራ መጥራት ግድ ሆኖበታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2015 እ.ኤ.አ. ከአንድ በላይ መጠን የሚሰጡ የስኳር በሽታ መድኃኒት ፔኖች ሁሉ «ለአንድ ታካሚ ብቻ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው አዟል።

ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀት ማውራት ቆመ። የሰኞዎቹ ሁለት ሰዎች ከተወጉ 48 ሰዓት ገደማ ሆኗቸዋል። ከኤች አይ ቪ ተጋላጭነት በኋላ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለመፍራትም ለመጨቃጨቅም ጊዜ አልነበረም። ነርሷ ተቆጣጣሪ ሲስተርን አጠገቧ አስቀምጣ ስልክ አስደወለቻት። ምን እንደምትልም አብረው ተስማሙ፤ «ለክትትል ይምጡ» ብሎ ማድበስበስ ቀርቶ እውነቱን መናገር።

«እትዬ፣ ከክሊኒኩ ነኝ። ሲወጉበት የነበረው ፔን ለሌሎች ሰዎችም አገልግሏል። መሆን አልነበረበትም፤ ስህተቱ የእኛ ነው። ዛሬውኑ የደም ምርመራ ያስፈልግዎታል፣ ወጪውን ክሊኒኩ ይሸፍናል። የሚመጡት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

አራቱም በዚያው ቀን መጡ። አንደኛዋ አለቀሱ፤ አንደኛው ተቆጡ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። የአራቱም የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ ነጻ ሆነ። ቫይረሱ ገና በምርመራ የማይታይበት ጊዜ ስላለ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደገም ቀጠሮ ተያዘ። የሄፓታይተስ ሲ ውጤትም ነጻ ነበር፤ እሱ በስድስተኛው ወር ይደገማል። ሄፓታይተስ ቢ ግን አንዱ ላይ ተገኘ። ሰውየው ከዚያ በፊት ተመርምረው ስለማያውቁ፣ መቼ እንደያዛቸው በዚያ ቀን ምርመራ መለየት አልተቻለም። እኚህ ሰው የሐሙስ ታካሚ ናቸው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚወጉ ቢሆኑም የሚቀጥለው ሰኞ ከእሳቸው በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ተጋልጠዋል። ለሦስቱ ክትባቱ በዚያው ሳምንት ተጀመረ፤ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። አንድ ነገር ግን ለሲስተር መመስከር ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱን መርፌ ቀንና ሰዓት፣ የፔኗንም ባች ቁጥር (የተመረተችበትን ዙር መለያ) በትክክል መዝግባለች። ያ መዝገብ ባይኖር ማን ከማን ቀጥሎ እንደተወጋ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ፔኗ አልተጣለችም። በተቆጣጣሪዎች እጅ ታሽጋ፣ ባች ቁጥሯ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ተወሰደች። በፍርሃት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጥሎ ማቃጠል ማስረጃን ማጥፋት ነው፤ የሚመረመረውም ነገር አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ የተነሳው ጥያቄ ፔኗ ከየት መጣች የሚለው ነበር። ደረሰኝ የለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከውጭ በሻንጣ ከገባ መድኃኒት ላይ ቀንሶ በአውቶቡስ ልኳታል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘገብና ሳይፈቀድ በሻንጣ የገባ መድኃኒት፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕገወጥ ነው። እውነተኛ መሆኑም አይታወቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ ወር 2024 እ.ኤ.አ. በተለያዩ አገሮች ስለተገኘ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

መንገዱም ራሱ ችግር ነው። ጎጃም ለሚሠራ ሰው ይህ ሊሰመርበት ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገር የዓባይን በረሃ ያልፋል። ከደጋ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ቆላ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ። አውቶቡሱ ታች ላይ ጎማ ቢፈነዳበት ፖርቶ መጋላ ላይ ያለ ካርቶን በፀሐይ ይጋገራል። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ሙቀቱን የፈራ ላኪ ደግሞ ተቃራኒውን ስህተት ይሠራል፤ ከፍሪዘር የወጣ ድንጋይ የመሰለ አይስ ፓክ ፔኗ ላይ አስደግፎ ያሽጋል። አንዴ በረዶ የሆነ ሴማግሉታይድ ይጣላል፤ ቢቀልጥም መልኩን አይቶ መለየት አይቻልም። ትክክለኛው አሠራር በክትባት የምናውቀው ነው። አይስ ፓኩ ከፍሪዘር ወጥቶ ላብ እስኪያወጣ፣ ሲነቀነቅም ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ይጠበቃል። በእሱና በመድኃኒቱ መካከል ካርቶን ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ይኖራል፤ ተቀባዩ ከመፈረሙ በፊት ያነበዋል።

የፍሪጁ የሙቀት መመዝገቢያ ሌላ ታሪክ ነገረ። ለአንድ ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ «4» ተብሎ ተጽፏል፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ አጣጣል። ከተማው መብራት ያጣባቸው ቀናትም 4 ናቸው። የረቡዕ ከሰዓት በኋላው ሣጥንም በጠዋቱ ተሞልቷል። ነርሷ ተቆጣጣሪ ቴርሞሜትሩን ስታነበው 9 ዲግሪ ላይ ነበር፤ ለካ የተሰቀለው በሩ ላይ ነው። የፍሪጅ በር በተከፈተ ቁጥር የሚሞቅ ቦታ ነው፤ የጀርባው ግድግዳ ደግሞ በረዶ ሊያደርግ የሚችል። መድኃኒትም ቴርሞሜትርም የሚቀመጡት መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ግድግዳውን ሳይነኩ ነው። ታችኛው መሳቢያ በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ቢደረደሩበት መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዘው ያቆያሉ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚያስታውስ ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም፤ ሌሊት የሆነውን ጠዋት ይናገራል። «መብራት 5 ሰዓት ጠፍቷል፣ ሙቀቱ 11 ደርሷል፣ መድኃኒቱ ለብቻው ተቀምጧል» የሚል መዝገብ ተቆጣጣሪን አያስቆጣም። የሚያስቆጣው ሠላሳ ቀን ሙሉ የተደረደረ 4 ነው፤ አንድ መዝገብ በግምት የሚሞላ ከሆነ የቀረውን ለማመን ያስቸግራል።

የታካሚ ፋይሎቹ ሲገለጡ ደግሞ ከአራቱ አንደኛዋ የስኳር ታማሚ ሆነው ተገኙ። ግሊቤንክላሚድ የሚባል ስኳር የሚያወርድ ክኒን ይወስዳሉ፤ ፋይላቸው ላይ ግን አልተጻፈም፣ የሚወስዱትን መድኃኒት የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ። ሴማግሉታይድ ብቻውን ስኳርን እምብዛም ከመጠን በታች አያወርድም፤ ከግሊቤንክላሚድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲደመር ግን ያወርዳል። ሴትየዋ ጾም ያጠብቃሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። መድኃኒቱ ፍላጎታቸውን ዘግቶባቸው ማታም ያገኙት ትንሽ ጉርሻ ነው። ሁለት ጊዜ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ «የጾም ድካም ነው» ብለው ተኝተዋል። በእኛ አገር ለክብደት መቀነሻ መርፌ የሚከፈት ፋይል ጾምን መጠየቅ አለበት፤ የትኞቹን ይጾማሉ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ መድኃኒታቸውን መቼ ይውጣሉ። በራሳቸው ወይም በቤተሰባቸው ሜዱላሪ የሚባለው የእንቅርት ካንሰር ነበረ ወይ የሚለውም ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ ለዚያ ሰው መድኃኒቱ አይሰጥም። እርግዝና ያሰበች ሴት ከሁለት ወር በፊት ማቆም ይኖርባታል።

የግፊት መለኪያውም ተነሳ። ክሊኒኩ ያለው ክንድ ላይ የሚጠመጠም መጠቅለያ አንድ፣ መደበኛው ብቻ ነው። ያ የሚሠራው የክንድ ዙሪያቸው ከ27 እስከ 34 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰዎች ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ ግፊትን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል፤ ደም ግፊት የሌለበት ሰው የግፊት ክኒን ይታዘዝለታል። ክብደት ለመቀነስ በሚመጡበት ቤት ትልቁ መጠቅለያ አለመኖሩ ለማመን ይከብዳል።

ለማረሚያው የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ሲሆን እስከዚያ የመርፌ አገልግሎቱ ታገደ። ባለቤቱ ደጋግሞ ያነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «መግዛት የማይችለውን ታዲያ ምን ላድርገው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ፋርማሲስቱ የመለሰለት፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መቅረብ እንዳለበት ነው። ሴማግሉታይድ ባቆሙ ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። የአንድ ወር ሩብ ፔን የሚችል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ግን የማይችል ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ወደነበረበት ይመለሳል። ለዚህ ሰው የምግብ ምክሩ፣ የእግር ጉዞውና በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ሚዛን መመዘኑ መርፌ የለም ተብሎ የሚቋረጥ ነገር አይደለም።

አሁን በክሊኒኩ ፔን የሚገባው በደረሰኝ ብቻ ነው፤ ባች ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያው ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። በተከፈተ ቀን የታካሚው ስም፣ የካርድ ቁጥርና የተከፈተበት ቀን በፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ከተከፈተ 56 ቀን ካለፈው ፈሳሽ ቢኖረውም ይወገዳል። ፕላስተሩ የሚለጠፈው በፔኑ አካል ላይ ነው። ክዳኑ ላይ ለጥፈው ነበር፣ ሁለት ፔን ጎን ለጎን ተከፍቶ ክዳኑ ሲቀያየር ሲስተር አይታ በዚያው ቀን ቀየረችው።

የአራቱ ሰዎች ፋይል ከሌሎቹ ተለይቶ ተቀምጧል። ሄፓታይተስ ቢ የተገኘባቸው ሰው ጉበታቸውን በሪፈራል ይከታተላሉ። የሦስቱ የመጨረሻ ክትባትና የሄፓታይተስ ሲ ድጋሚ ምርመራ በአንድ ቀን ተቀጥሯል፤ ሲስተር ከሁለት ቀን በፊት ደውላ ታስታውሳቸዋለች።