ሦስት ኪሎ ቡና

ትናንት የእማዬን ጓዳ ሳስተካክል ከመደርደሪያው ጀርባ ባዶ የጨርቅ ከረጢት አገኘሁ። ከአፉ በታች በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለፕሮፌሰሩ» ተብሎ ተጽፎበታል። የእማዬ ጽሕፈት ነው። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ሦስት ኪሎ ጥሬ ቡና ለቅማ የሞላችው ለማታውቀው ሰው ነበር። «ሰው አገር ባዶ እጅሽን ልትገቢ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ተቆልቶ ይሂድ አልኩ፤ እሷ መዓዛው መንገድ ላይ ያልቃል ብላ እምቢ አለች። «መቁላት ካላወቁ አንቺ አሳዪያቸው።»

ያኔ እዚሁ ጅማ ኢንተርን፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ሚያዝያ ላይ አሜሪካ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ ክፍል፣ አራት ሳምንት በእንግድነት እንድሠራ ተፈቅዶልኝ ነበር። አሜሪካ ሄዶ ስፔሻላይዝ ማድረግ ለሚፈልግ የውጭ ሐኪም የጽሑፍ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም። እዚያው የሚሠራ ሐኪም የጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ ቢይዝ ይመረጣል፤ ያንን ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ ከሕመምተኛ ጋር ስትሠሪ ያየሽ ሰው ነው። ተማሪ ሆነሽ ከሄድሽ ሕመምተኛውን ጠይቀሽ፣ መርምረሽ፣ ያገኘሽውን ለአስተማሪሽ ታቀርቢያለሽ። ከተመረቅሽ በኋላ ግን አብዛኛው ሆስፒታል የሚፈቅድልሽ ቆሞ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ሚያዝያ ለእኔ አንድያ ዕድሌ ነበረች።

ወረቀቱማ አይወራ። የጉበት ቫይረስ ክትባት መውሰዴ አልበቃ ብሏቸው መከላከያው በደሜ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ጠየቁኝ። ለእሱ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ደርሼ ተመለስኩ።

መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 8 ቀን የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ተማሪዎች ከሕመምተኛ ጋር የሚገናኙበት ሥልጠና ለጊዜው እንዲቆም መከረ። መጋቢት 11 ቀን የአሜሪካ ኤምባሲዎች መደበኛውን የቪዛ አገልግሎት በዓለም ዙሪያ አቋረጡ። ከሆስፒታሉ የመጣልኝ ኢሜይል አራት መስመር ነበር። «ሁኔታው ሲሻሻል» የሚል ነበረበት፤ መቼ እንደሆነ የለበትም።

በዚያው ሳምንት በእኛ ክፍል እንግዳ ሆና የመጣች ጀርመናዊት ተማሪ ነበረች፤ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ከጅማ ጋር የቆየ ትስስር አለው። እሷም ቶሎ አገርሽ ግቢ ተባለች። ስትሄድ ያልጨረሰችውን የጓንት ካርቶን ሰጠችኝ፤ በዚያ ሰሞን ከወርቅ ይበልጥ ነበር። ሁለታችንም ሮቴሽናችን (በሆስፒታል ክፍል የምንሠራው የተግባር ሥልጠና) ተቋረጠ እያልን ተጽናናን። ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ አንድ አልነበረም። አገሯ ስትመለስ የጅማ ሐኪም ደብዳቤ አምጪ የሚላት ሰው የለም።

ግንቦት ላይ ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት አካላት አዲስ ምክር ወጣ፤ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር በዚያ ዓመት ተማሪ ወደ ሌላ ሆስፒታል ለሮቴሽን አይሂድ፣ ስፔሻላይዝ ለማድረግ የሚያመለክቱ የሚጠየቁት ቃለ መጠይቅም ሁሉ በቪዲዮ ይሁን። ምክሩ ልክ ነበር፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተለየ አልመክርም ነበር። ሁሉም እኩል ሆነ ሲሉ ግን ያበሳጨኛል። የእነሱ ተማሪ ቤቱ ሲቀር የራሱ ሆስፒታልና ደብዳቤ የሚጽፉለት አስተማሪዎች አሉት። እኔ ቤቴ ስቀር ጅማ ነኝ። ተማሪዋን ገጠር ልካ ከማኅበረሰቡ ጋር የምታሠራ ጅማ! በማመልከቻው ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ክፍት ቦታ አላገኘሁም።

ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ፣ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ብቻ ይሰጥ የነበረው የሐኪሞች የክህሎት ፈተናም መጋቢት ላይ ቆሞ፣ በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ጭራሹን ቀረ። ከ1 ሺህ 500 ዶላር በላይ ይከፈልበት ስለነበር አላለቀስኩለትም። በምትኩ በኮምፒውተር የሚሰጥ «ሮቴሽን» ተመዘገብኩ። ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ የትምህርቱ ግማሽ አለፈኝ። የቀረውን ተከታተልኩ፤ ሐኪሙ ጎበዝና ትሑት ሰው ናቸው። መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ስጠይቃቸው «ጥያቄዎችሽ ጥሩ ነበሩ ብዬ እጽፋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሆድ ስዳስስ መቼ አዩኝና!

ዋናውን ደብዳቤ የጻፉልኝ እዚሁ ያስተማሩኝ ሐኪም ናቸው። ምን እንደጻፉ በኋላ ነገሩኝ፤ አንድ ሌሊት የመተንፈሻ ማሽን ታጥቶ ከአንዲት እናት ራስጌ ቆሜ እስኪነጋ የአየር ፊኛ በእጄ ስጨምቅ ማደሬን ነበር። አውራ ጣቴ ለሁለት ቀን አልታጠፍ ብሎኝ ነበር፤ ያንን አልጻፉትም መሰለኝ።

በመስከረም የሚከፈተው ማመልከቻ በዚያ ዓመት ለሆስፒታሎቹ የደረሰው ጥቅምት 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሁለት ቃለ መጠይቅ አገኘሁ፤ በአንደኛው መሀል መብራት ጠፋ። መጋቢት 6 ቀን ማታ ውጤቱ በኢሜይል መጣ፤ የትኛውም ሆስፒታል አልተመደብኩም። ዛሬ እዚሁ ጅማ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ቡናው ግን እስከዚያ ማታ አልተነካም ነበር። «የሰው አደራ ነው» እያለች እማዬ ዓመት ሙሉ አስቀምጣው፣ እኛ ቤት ቡና ሲያልቅ እንኳን ከጎረቤት ትበደር ነበር። የኢሜይሉን ነገር ስነግራት ምንም አላለችም። ከረጢቱን ፈታች፣ ከሰሉን አቀጣጠለች። አቦሉን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«አርጅቷል» አለች።

እኔ አላወቅሁበትም። ስኒዬን መልሼ ሰጠኋት፤ ሞላችልኝ።