አረንጓዴው ጠርሙስ ለማን ነው?

የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ያላቸው ብዙ ሰዎች ፋይቶፕላንክተንን፣ ማለትም በጠርሙስ የሚሸጠውን በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን አረንጓዴ አልጌ፣ የሚገዙት ለኮራል ብለው ነው፤ በእኔ እምነት ግን ዋነኞቹ ተጠቃሚዎች ሌሎች ናቸው። አብዛኞቹ ድንጋያማ ኮራሎች የሚኖሩት በሥጋቸው ውስጥ ያለው አልጌ ከብርሃን በሚያዘጋጅላቸው ምግብና ራሳቸው በሚያጠምዷቸው ጥቃቅን እንስሳት ሲሆን፣ አረንጓዴውን ፈሳሽ በእርግጥ የሚሹት ውሃ እያጣሩ የሚመገቡት ስፖንጆች፣ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳትና ኮፔፖድ የሚባሉት ደቃቅ የውሃ እንስሳት ናቸው። ኮፔፖዱ ሲራባ ደግሞ ሌላ ምግብ እምብዛም የማይቀበለው ማንዳሪን ዓሣ ይጠግባል።

እኔ የምጠቀመው ናኖክሎሮፕሲስ የተባለውን የፋይቶፕላንክተን ዓይነት ነው፤ የአንዱ ሕዋስ ስፋት ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ከጠርሙሱ ሥር እንደ ወፍራም አረንጓዴ አተላ ስለሚዘቅጥ፣ ከመጨመሬ በፊት ቀስ አድርጌ አነቃንቀዋለሁ፤ የበሰበሰ ሽታ ካመጣ ግን ዋጋው ቢያሳዝንም መድፋት ነው። አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣው ስኪመር ምግቡንም አብሮ ስለሚጠርግ ለጥቂት ሰዓታት አጠፋዋለሁ፤ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ግን መቆም የለበትም፣ ሕዋሳቱን ወደማይንቀሳቀሱት እንስሳት አፍ የሚያደርሰው እርሱ ነውና። መጠኑን የምጨምረው ናይትሬትና ፎስፌት ለክቼ ከፍ አለማለታቸውን ካየሁ በኋላ ብቻ ነው፤ ያልተበላው ሕዋስ ሞቶ ሲበሰብስ መስታወቱን የሚያለብሰውን አልጌ ይመግባልና።