የሰፈሬ ልጅ፦ ቤርሊንግን ፍለጋ ማልታ

ማልታ የገባሁት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ታክሲው 40 ዩሮ አስከፈለኝ፤ በነጋታው አውቶቡሱ 2 ዩሮ ከ50 መሆኑን ሳውቅ አንጀቴ አረረ። የተከራየኋት ክፍል ደግሞ ከጭፈራ ቤት በላይ ናት። ግድግዳው ሲደልቅ አደረ፣ እኔም ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

የሄድኩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪ ለነበረው ለጆርጅ ቤርሊንግ ብዬ ነው። የምኖረው ሞንትሪያል፣ ቨርደን ነው፤ እሱም የዚያው ልጅ ነው፣ በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ። ጦርነቱ ሲጀመር የካናዳ አየር ኃይል አልቀበልህም አለው። በእንግሊዝ አየር ኃይል ሊቀጠር በጭነት መርከብ እንግሊዝ ሄደ። የልደት ወረቀት አምጣ አሉት። ተመልሶ ወረቀቱን ያዘና፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በሚያድኑበት ባሕር ላይ እንደገና ተሻገረ። ለአንዲት ወረቀት ስንት ቢሮ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝና ይሄን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው።

ታ ቃሊ፣ የያኔው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዛሬ መናፈሻና ስታዲየም ሆኗል። የአቪዬሽን ሙዚየሙም እዚያው ነው። ስፒትፋየር የምትባለው የእንግሊዞች ተዋጊ አውሮፕላን ሥር ብዙ ቆምኩ። ከጠበቅኩት ታንሳለች፤ የአብራሪው ቦታ ትከሻዬን እንኳ የሚያስገባ አይመስልም። ቤርሊንግ እዚህ የመጣው እ.ኤ.አ. በጁን 1942፣ ገና በ20 ዓመቱ ነው። ደሴቲቱ ተከባ፣ ሕዝቡም አብራሪውም ተርቦ ነበር። በአራት ወር 27 ገደማ የጣሊያንና የጀርመን አውሮፕላኖች ጣለ። ዓይኑን የሚያሠለጥነው እንሽላሊት በሽጉጥ እያነጣጠረ ነበር ይባላል። ስወጣ አንዷን ከድንጋዩ አጥር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አየኋት። አንገቷን ቀና አድርጋ ጉሮሮዋ እርግብ እርግብ ይላል። እጄን ከማንሳቴ የለችም።

ራባት የምትባል የማልታ ከተማ ላይ አውቶቡስ ጠፍቶ ስቆም አንዲት አሮጊት አተር የገባበት ትኩስ ፓስቲዚ (የማልታ ሳምቡሳ በሉት) ገዝተው አቀበሉኝ። ሂሳቡን ልክፈል ብል እሺ አላሉም። እናታቸው በቦምቡ ጊዜ ያደሩበትን፣ ከአለት የተፈለፈለ መጠለያ ወስደው አሳዩኝ። ላሊበላን ያየሁ ሰው አለት መፈልፈል አይገርመኝም ብዬ ነበር። ያ ግን የተፈለፈለው ልጅ ታቅፎ ለመደበቅ ነው። ቅዝቃዜው አሁንም አጥንት ይሰብራል።

ማታ ቫሌታ ባሕሩ ዳር ተቀመጥኩ። ኦክቶበር 14 ቀን ቤርሊንግ ተረከዙን ተመትቶ፣ በፓራሹት ማልታ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወደቀ። የነፍስ አድን ጀልባ ሲደርስለት ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም፣ ግን እናቱ የሰጡትን ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ይፈልግ ነበር። እኔም ቦርሳዬን ከፈትኩ። ከአዲስ አበባ ስወጣ እናቴ ከኪሱ የከተተችልኝ ውዳሴ ማርያም፣ ሽፋኑ ተበልቶ፣ አለ።

ቤርሊንግ ከጦርነቱ ተርፎ በ1948 ለእስራኤል ሊዋጋ ሲሄድ ሮም ላይ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ሃይፋ ነው። እዚያ ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ሄደሽ እይልኝ አልኳት።

«ምንህ ነው?» አለችኝ።

«የሰፈሬ ልጅ ነው» አልኳት።