የነሐሱን ክዳን ባልወለወልኩት ኖሮ

ከሁለት ዓመት በፊት በምኖርበት በሜሪላንድ ፊርማ የሌለው አንድ የአሜሪካ ረጅም ጠመንጃ ገዛሁ። በፔንሲልቬንያ የሰፈሩ ጀርመናውያን ባለእጆችና ልጆቻቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሚሠሩት ዓይነት ነው። በሰደፉ ጎን ላይ ጥይት የሚጠቀለልበት ቅባት የነካ ጨርቅ የሚቀመጥበት ትንሽ ሳጥን አለው፤ የሳጥኑ ክዳንና ዙሪያው ነሐስ ነው። የሠሪውን ማንነት በዚህ ነሐስ ላይ ካለው ቅርጽ ለመለየት ቆረጥሁ።

ልኬቱንና ፎቶግራፉን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስሁ። የሳጥኑ ነሐስ ጫፍ እንደ ዴዚ አበባ የተቆረጠ በመሆኑ በፔንሲልቬንያ ወዳለው ወደ ላንካስተር አመለከተኝ፤ እዚያው ፔንሲልቬንያ ባለው በሌሃይ አውራጃ ጠመንጃዎች ላይ የሚታየው የሰው ራስ ቅርጽ ቢሆን ኖሮ ሌላ መንገድ እይዝ ነበር። ላንካስተር ስል ወዲያው በልቤ የመጣው ከ1740 እስከ 1822 የኖረው የላንካስተር ጠመንጃ ሠሪ ያዕቆብ ዲከርት ነበር፤ ይህም ቸኩሎ መደምደም ነበር። አንድ መምህር ለብዙ ለማጆች አንዱን አበባ ያስተምራል፤ ስለዚህ የአበባው ቅርጽ የሚናገረው አካባቢውን እንጂ የሠሪውን እጅ አይደለም። እጁ የሚታወቀው በነሐሱ ላይ በቀረጸው ጭረት ነው። ባለእጁ መቅረጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ሲገፋ የሚተወው የተሰበረ መስመር ስፋቱ፣ ጥልቀቱና የመጨረሻው ጫፍ እንደ እጅ ጽሕፈት ከሰው ሰው ይለያያል።

እኔ ግን ጭረቱን ከማንበቤ በፊት አጠፋሁት። ጠመንጃውን የሸጠልኝ ነጋዴ «ነሐሱ ካልበራ ቅርጹ አይነበብም» ብሎ አረጋገጠልኝ፤ እኔም አምኜው የብረት ማጽጃ ቅባት ይዤ ማምሻውን ሙሉ ወለወልሁ። ሲያበራ ደስ አለኝ። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሳየው ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ደብዝዘው፣ የጠለቁት ደግሞ ጠርዛቸው ተሸርሽሮ አገኘኋቸው። ከዚያ የባሰው በጭረቶቹ ውስጥ የነበረው ጥቁረት መጥፋቱ ነው። ያረጀ ጭረት ከዙሪያው ነሐስ ጋር አብሮ ይጠቁራል፤ ቆይቶ የተጨመረ ግን ይለያል። ቅርጹ ከጠመንጃው ጋር የተወለደ ይሁን ወይም ዋጋ ለማስወደድ ኋላ የተቀረጸ፣ ይህን የሚመሰክርልኝን ነገር በገዛ እጄ ጠርጌዋለሁ። በነጋዴው ላይ ያለኝ ቅሬታ ዛሬም አልበረደም፤ በራሴ ላይ ያለኝ ግን ይበልጣል፣ ለአንድ ቀን እንኳ መታገሥ ይቻል ነበርና።

ስለዚህ ነሐሱን ማንም ቢመክራችሁ አትወልውሉ። መብራቱን ከጎን አጋድማችሁ አብሩና ጥላው ጭረቱን ያሳያችሁ። ብዙዎች ከአፈሙዙ ላይ ካለ ፊርማ መጀመርን ይመክራሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፣ ምክንያቱም አፈሙዝ ከአንዱ ጠመንጃ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። ነሐሱ የተቀበረበትን የእንጨት ጠርዝም ተመልከቱ፤ ክፍተት ወይም አዲስ እንጨት ካለ ሳጥኑ ራሱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ጨርቄ ሊገባበት ባልቻለ በክዳኑ ማጠፊያ ሥር አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ቦታ ተርፋለች። በውስጧ ሁለት የተሰበሩ መስመሮች አሉ፤ ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ዲከርት ከፈረመባቸው ጠመንጃዎች ባየኋቸው ፎቶግራፎች ይህን መታጠፍ አላገኘሁም። በመዝገቤ ላይ «የላንካስተር አካባቢ ሥራ፣ ሠሪው ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከአጠገቡም የሁለቱን መስመሮች ሥዕል አስፍሬያለሁ።